«ካንሰር አልታየም» ሲባል ምን ማለት ነው? የጨጓራና የአንጀት ዕጢዎች የፓቶሎጂ ምርመራ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስድስቱን መርጠናል። ሁሉም የሚያወሩት ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ተቆርጦ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ስለሚላክ ናሙናና ተመልሶ ስለሚመጣው ወረቀት ነው። የፓቶሎጂ ሐኪም እንደመሆኔ በየቀኑ የምጽፈው ውጤት ቤት ከደረሰ በኋላ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳ ደብዳቤዎቻችሁ አሳይተውኛል። ስለዚህ አንዳንዱን ጥያቄ ከወትሮው ዘርዘር አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የ63 ዓመቱ አባቴ ለወራት ምግብ አልበላ ብሏቸው ከከሱ በኋላ በኢንዶስኮፒ ሲታዩ ጨጓራቸው ላይ ቁስል ተገኘ። ሐኪሙ «መልኩ አላማረኝም» ብሎ ናሙና ወሰደ። የፓቶሎጂው ውጤት ግን «ቁስለትና ብግነት፤ ካንሰር አልታየም» ይላል። እኛ እፎይ ብለን ሳንጨርስ ሐኪሙ ምርመራው እንዲደገም አዘዘ። ውጤቱ ነጻ ከሆነ አባታችን ለምን እንደገና ይንገላታሉ?

መልስ፦ ምርመራውን ያስደግሙ፤ ሐኪሙ ያዘዘው ተገቢውን ነው። ምክንያቱ ግልጽ እንዲሆንልዎ ናሙናው ከአባትዎ ጨጓራ ወጥቶ ማይክሮስኮፕ ሥር እስኪደርስ የሚሄድበትን መንገድ አብረን እንከተል።

በኢንዶስኮፒው ቱቦ ውስጥ አልፎ የሚገባው መቆንጠጫ በአንድ ጊዜ የሚነክሰው ቁራጭ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ቁራጩ ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ፎርማሊን ሕዋሳቱ እንዳይበሰብሱ ባሉበት መልክ ያጸናቸዋል። ከዚያ በአልኮል ውሃው ይወጣለታል፣ በዛይሊን አልኮሉ ይወጣለታል፣ በመጨረሻም የቀለጠ ፓራፊን ሰም ሰርጎ ይገባበታል። ሰሙ ሲረጋ ቁራጩ መሐሉ ላይ የተቀበረበት ትንሽ ብሎክ ይሆናል። ማይክሮቶም የተባለው መሣሪያ ከዚህ ብሎክ ላይ 4 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስስ ገለባ ይልጣል፤ 1 ሚሊሜትር ለ250 ቢከፈል የሚደርሰው ውፍረት ይህ ነው። ገለባው በመስታወት ስላይድ ላይ ተነጥፎ በሁለት ቀለም ይነከራል፤ ሄማቶክሲሊን የሕዋሱን እምብርት፣ ማለትም ኒውክሊየሱን፣ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ፣ ኢዮሲን የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል። እኔ የማየው ይህንን ነው። ቁስሉ ራሱ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ሊሆን ይችላል፤ በእኔ ስላይድ ላይ ያለው ግን ከእሱ የተቆነጠረች የሰሊጥ ፍሬ ስስ ሽፋን ናት። «ካንሰር አልታየም» ብዬ ስጽፍ የምናገረው ስለዚያች ቁራጭ እንጂ ስለ መላው ጨጓራ አይደለም።

የጨጓራ ቁስል ደግሞ ለናሙና አስቸጋሪ ከሆኑት አንዱ ነው። የቁስሉ መሐል አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ሕብረ ሕዋስና መግል የመሰለ ብግነት ብቻ ስለሆነ፣ መቆንጠጫው ከዚያ ብቻ ከነከሰ ዙሪያው ላይ ያለው ካንሰር ሳይነካ ይቀራል። ለዚህ ነው ከቁስሉ ከንፈር ዙሪያና ከወለሉ በድምሩ 6 እና ከዚያ በላይ ቁራጮች እንዲወሰዱ የሚመከረው። የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት ጀምረው ከሆነም ይህንን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ መድኃኒቱ በላዩ ላይ የዳነ የሚመስል ስስ ሽፋን እንዲያበቅል በማድረግ ከሥሩ ያለውን ሊደብቅ ይችላል።

ሌላው ምክንያት የካንሰሩ ጠባይ ነው። ላውረን የተባለ ተመራማሪ በ1965 የጨጓራ አዲኖካርሲኖማን፣ ማለትም ከውስጠኛው ሽፋን ንፍጥ አመንጪ ሕዋሳት የሚነሳውን ካንሰር፣ በዋነኛነት ለሁለት ከፍሎታል። የመጀመሪያው፣ የአንጀት ዓይነት የሚባለው፣ ሕዋሳቱ እርስ በርስ ተያይዘው የጤነኛ አንጀትን ቱቦ መሰል እጢዎች የመሰሉ ቀዳዳዎች እየሠሩ ስለሚያድጉ በማይክሮስኮፕ ለመለየት ብዙም አያስቸግርም። ሁለተኛው፣ የተበታተነው ዓይነት፣ ሕዋሳቱ ተነጣጥለው አንድ በአንድ በግድግዳው ውስጥ ይሰርጋሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሆዳቸው የንፍጥ ጠብታ የቋጠሩ ናቸው፤ ጠብታው ኒውክሊየሱን ወደ ዳር ገፍቶ ስለሚያጥፈው ሕዋሱ ፈርጥ ያለው ቀለበት መስሎ ይታያል። በብግነት ሕዋሳት መሐል ሦስት አራት እንዲህ ያሉ «ቀለበቶች» ቢኖሩ ለደከመ ዓይን ሊያመልጡ ይችላሉ፤ እኔ ራሴ ስጠራጠር ንፍጡን የሚያጎላ ልዩ ቀለም አሠርቼ ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር እንደገና አያለሁ። የዚህ ዓይነቱ ካንሰር የላይኛውን ሽፋን ብዙም ሳይነካ ከሥር ከሥር እየተስፋፋ ግድግዳውን በሙሉ የሚያደርቅበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ኢንዶስኮፒ የሚሠራው ሐኪም አየር ሲነፋ ጨጓራው አልለጠጥ ይለዋል፤ ከላይ የተቆነጠረው ናሙና ግን ጤነኛ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሐኪሙ በዓይኑ ያየው እና እኔ በማይክሮስኮፕ ያየሁት ሳይስማሙ ሲቀሩ ጉዳዩ አልተቋጨም፤ ከሁለታችን አንዳችን ያላየነው ነገር አለ ማለት ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ስንት ቁራጭ እንደተወሰደና የጥያቄ ቅጹ ላይ ምን እንደተጻፈ። «የጨጓራ ናሙና» የሚል አንድ መስመር ብቻ የያዘ ቅጽ ሲደርሰኝ ከልቤ አዝናለሁ፤ «3 ሴንቲሜትር ቁስል፣ ከንፈሩ ያበጠ፣ ሰውየው ከስተዋል» የሚል ቃል ቢኖርበት ፍለጋዬ ሌላ ይሆን ነበር። በዚያውም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይኑር አይኑር በውጤቱ ላይ መጻፉን ይመልከቱ። ይህ ባክቴሪያ ከጨጓራ ካንሰር መነሻዎች አንዱ ነው፤ በአውስትራሊያ የፐርዝ ከተማ በ1979 በጨጓራ ናሙና ላይ ያስተዋለው ሮቢን ዋረን ፓቶሎጂስት ነበር፤ ከባልደረባው ከባሪ ማርሻል ጋር በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ብዙ ሰው እያየ ያለፈውን ነገር እርሱ ቆም ብሎ ማየቱ ሙያችንን ያኮራዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ትልቁ አንጀታቸው ላይ ዕጢ እንዳለ ተነግሯቸዋል። እርሳቸው ግን «ከተነካ ይሰራጫል» ብለው ናሙና አላስወስድም አሉ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

መልስ፦ ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለምና አይቆጧቸው። ብዙ ሰው ናሙና የሚወሰድለት በሽታው ከገፋ በኋላ ስለሆነ፣ ከናሙናው በኋላ በወራት ውስጥ ሲደክም ያየ ጎረቤት ጥፋቱን በናሙናው ላይ ያደርገዋል። እውነቱ ግን በኮሎኖስኮፒ የሚወሰደው ናሙና ከውስጥ በኩል፣ ወደ አንጀቱ ክፍት ቦታ ብቅ ካለው ከዕጢው ፊት ላይ ይቆነጠራል፤ ጤነኛ አካል አይቋረጥም፤ በዚህ ምክንያት በሽታው ተሰራጨ የሚያሰኝ ማስረጃም የለም። በቆዳ በኩል በመርፌ በሚወሰዱ አንዳንድ ናሙናዎች፣ ለምሳሌ በአንዳንድ የጉበት ዕጢዎች ላይ፣ ሕዋሳት በመርፌው መንገድ ላይ ሊቀሩ የሚችሉበት አልፎ አልፎ የሚያጋጥም አደጋ አለ፤ ሐኪሞችም ይህን ስለሚያውቁ ያንን መንገድ የሚመርጡት አመዛዝነው ነው። የእናትዎ ጉዳይ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ናሙና ካልተወሰደ ምን እንደሚቀር ይንገሯቸው። በምስል «ዕጢ» የተባለው ነገር አዲኖካርሲኖማ፣ ሊምፎማ (ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር) ወይም ሌላ ዓይነት ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ካንሰር ያልሆነ የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ ሆኖ በመድኃኒት የሚድንበትም ጊዜ አለ። የእያንዳንዱ ሕክምና ሌላ ነው። ዕጢው ወደ ፊንጢጣ ቀረብ ያለ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የጨረር ሕክምናና ኬሞቴራፒ ይሰጣል፤ ዓይነቱ በናሙና ሳይረጋገጥ ይህንን የሚጀምር ሐኪም የለም።

ጥያቄ፦ በኮሎኖስኮፒ 8 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ፖሊፕ ወጣልኝ። ውጤቱ «ቱቡላር አዲኖማ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ዲስፕሌዢያ» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ካንሰር ነው የሚልም አይደለም የሚልም አገኘሁ።

መልስ፦ ካንሰር አይደለም። አዲኖማ ካንሰር ሊሆን የሚችል፣ ነገር ግን ገና ያልሆነ ዕድገት ነው፤ ዲስፕሌዢያ ማለትም ሕዋሳቱ ቅርጻቸውና አደራደራቸው ከጤነኛው መለየት ጀምሯል ማለት ነው። «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል መልካም ዜና ነው። በትልቁ አንጀት ላይ «ካንሰር» የሚለውን ቃል የምንጽፈው ሕዋሳቱ የላይኛውን ሽፋን ወለል የሆነውን ስስ የጡንቻ ንጣፍ ጥሰው ወደሚቀጥለው ንብርብር ሲገቡ ነው፤ ያ ካልሆነ ሕዋሳቱ የቱንም ያህል ቢዛቡ ወደ ሌላ አካል የመሻገር ዕድል የላቸውም ተብሎ ይወሰዳል። አብዛኞቹ አዲኖማዎች እዚያ ደረጃ አይደርሱም፤ የሚደርሱትም ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል።

ቅርጹ፣ መጠኑና ቁጥሩ የወደፊቱን ክትትል ይወስናሉ። ከ10 ሚሊሜትር በታች፣ ቱቡላር (ቱቦ መሰል ቅርጽ ያለው)፣ ዝቅተኛ ደረጃና አንድ ብቻ ሲሆን ከሁሉ ቀላሉ ቡድን ውስጥ ይመደባል፤ ቀጣዩ ኮሎኖስኮፒ እስከ 7 ወይም 10 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል የሚገልጹ መመሪያዎች አሉ። ይህ የሚሠራው ግን አንጀትዎ በምርመራው ቀን በደንብ ጸድቶ ከነበረ፣ ፖሊፑም ሙሉ በሙሉ ከወጣ ብቻ ነው፤ ወላጅዎ ወይም ወንድም እህትዎ የአንጀት ካንሰር ኖሮባቸው ከሆነም ቀጠሮው ያጥራል። ሁለቱንም ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ጨጓራ ግድግዳ ላይ የነበረ 6 ሴንቲሜትር ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጣ። መጀመሪያ የመጣው ውጤት «ስፒንድል ሴል ዕጢ፤ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል» የሚል ነበር። ከ3 ሳምንት በኋላ «ጂስት» ተባለ። የመጀመሪያው ላቦራቶሪ ተሳስቶ ነው? ይህን ያህል ለምን ቆየ?

መልስ፦ አልተሳሳተም፤ እንዲያውም የማያውቀውን ሳይገምት የሚያውቀውን ብቻ መጻፉ የጥሩ ሥራ ምልክት ነው። በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ ከሚያድጉት ዕጢዎች ቢያንስ ሦስቱ፣ ማለትም ከለስላሳ ጡንቻ የሚነሳው፣ ከነርቭ ሽፋን የሚነሳው እና የጨጓራንና የአንጀትን እንቅስቃሴ ከሚመሩ ሕዋሳት ጋር የሚዛመደው፣ ጂስት የምንለው፣ በተለመደው ቀለም ሲታዩ ሁሉም እንደ ጅረት የተጋደሙ፣ ጫፋቸው የሾለ ረጃጅም ሕዋሳት ናቸው። በዓይን ብቻ መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። መለያው ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ ነው፤ ከብሎኩ አዲስ ገለባ ተልጦ በአንድ የተመረጠ ፕሮቲን ላይ ብቻ የሚጣበቅ ፀረ አካል ይፈስበታል፣ ፕሮቲኑ ካለ ሕዋሱ ቡናማ ይሆናል። ጂስት ኪት በተባለው ፕሮቲንና ዶግ-1 በተባለው ቡናማ ይሆናል፤ የጡንቻው ዕጢ በዴስሚን፣ የነርቭ ሽፋኑ ደግሞ በኤስ-100። እያንዳንዱ ቀለም ሥራና ጊዜ ይጠይቃል፤ ሁሉም ላቦራቶሪ ፀረ አካላቱ በእጁ ስለማይኖሩ ብሎኩ ወደ ሌላ ቦታ መላክ ሊያስፈልገው ይችላል። ሦስቱ ሳምንት የጠፋው እዚያ ይመስለኛል።

ያ ጊዜ በከንቱ አልጠፋም። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከእነዚህ ዕጢዎች ብዙዎቹ «የጡንቻ ዕጢ» ተብለው ይመዘገቡ ነበር፤ የተለመደው ኬሞቴራፒም አይበግራቸውም ነበር። በ1998 የጃፓን ተመራማሪዎች በጂስት ውስጥ የኪት ጂን እንደሚለወጥ አሳወቁ። ከ2 ዓመት በኋላ ይህንኑ ፕሮቲን የሚያግደው ኢማቲኒብ የተባለ እንክብል ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንዲት የጂስት ታማሚ ተሰጥቶ ዕጢዋ በግልጽ ቀነሰ። ስሙን በትክክል መጥራት ከሕይወት ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ስፈልግ አላገኝም።

አሁን በወንድምዎ ወረቀት ላይ የሚፈልጉት ቁጥር በ5 ካሬ ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ሕዋስ ሲከፋፈል እንደታየ የሚገልጸው ነው። ከጨጓራ የተነሳና 6 ሴንቲሜትር የሆነ ጂስት ቁጥሩ 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ዝቅተኛ ከሚባለው ወገን ነው፤ ልክ ይኸው መጠንና ቁጥር ከትንሹ አንጀት ቢሆን ኖሮ ስጋቱ ከፍ ይል ነበር። ዕጢው በቀዶ ሕክምናው ወቅት ወይም ከዚያ በፊት ፈንድቶ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ፈንድቶ ከሆነ ሌላው ቁጥር ቢያምርም ሐኪሞች ለመድኃኒቱ ያደላሉ።

በዚሁ መንገድ የሚለዩ ሌሎችም አሉ። ከሆርሞን አመንጪ ሕዋሳት የሚነሱት ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎች ሲናፕቶፊዚንና ክሮሞግራኒን በተባሉ ፕሮቲኖች ተለይተው ደረጃቸው በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳትን በሚያሳየው ኪ-67 በተባለው ምልክት ይቆጠራል፤ ከመቶ ሕዋሳት ምልክቱ የታየባቸው ከ3 በታች ከሆኑ ደረጃ 1፣ ከ3 እስከ 20 ደረጃ 2፣ ከ20 በላይ ደረጃ 3። ማልት የተባለው የጨጓራ ሊምፎማ ደግሞ በብዙ ታማሚዎች ላይ ከሄሊኮባክተር ጋር ስለሚያያዝ፣ ባክቴሪያውን በማጥፋት ብቻ ዕጢው የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 41 ዓመቷ ነው። የትልቁ አንጀቷ ክፍል ከነካንሰሩ ወጣ። ውጤቱ «7 ሊምፍ ኖዶች ታይተዋል፤ ሁሉም ነጻ ናቸው» ይላል። የካንሰር ሐኪሟ ግን በ7ቱ አልረካም። ነጻ ከሆኑ ምን ቀረው?

መልስ፦ ቁጥሩ ቀርቶታል። በዚህ ካንሰር ቢያንስ 12 ሊምፍ ኖዶች፣ በተለምዶ ንፍፊት የምንላቸው፣ እንዲታዩ ይጠበቃል፤ ያነሱ ከታዩ ካንሰር ያለበት አንዱ ሳይገኝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ንፍፊቶቹ በአንጀቱ ዙሪያ ባለው ስብ ውስጥ የተቀበሩ፣ አንዳንዶቹ 2 ሚሊሜትር የማይሞሉ ናቸው። እኛ ስቡን በቀጭኑ እየከተፍን በጣታችን ጫፍ እየዳበስን ነው የምንፈልጋቸው፤ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ በጥድፊያ ቀን ከሚጎዱት የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ይህን በሙያ ጓደኞቼም በራሴም ላይ እናገራለሁ። የተረፈው አካል ለተወሰኑ ሳምንታት በፎርማሊን ስለሚቀመጥ፣ ሐኪሟ ለፓቶሎጂ ክፍሉ ጽፎ ፍለጋው እንዲቀጥል ዛሬውኑ ይጠይቅ። ተፈልጎ ካልተገኘ ሐኪሟ የቁጥሩን ማነስ በቀጣዩ ሕክምና ውሳኔ ውስጥ ያስገባዋል እንጂ የግድ የሰው ጥፋት አይደለም፤ በአንዳንድ ሰው፣ በተለይ አስቀድሞ ጨረር ከወሰደ፣ ቁጥሩ በተፈጥሮ ያንሳል።

ዕድሜዋን ስላነሱልኝ አንድ ነገር ልጨምር። ኤምኤልኤች-1፣ ኤምኤስኤች-2፣ ኤምኤስኤች-6 እና ፒኤምኤስ-2 የተባሉት አራት የጂን ጥገና ፕሮቲኖች በዕጢው ውስጥ መኖራቸው ተመርምሮ እንደሆነ ይጠይቁ። ከአንዱ መጥፋት በኋላ ሊንች ሲንድረም የተባለ በዘር የሚተላለፍ ሁኔታ ሊገኝ ይችላል፤ ያ ከሆነ እህት ወንድሞቿና ልጆቿ ካንሰር ሳይመጣ በኮሎኖስኮፒ ክትትል ውስጥ መግባት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ እንድናደርስ ለቤተሰብ ሲሰጡን ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ዕቃው ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ ሦስት ነገር እዩ። ፈሳሹ ፎርማሊን መሆኑን ጠይቁ፤ ውሃ ወይም ጨዋማ ፈሳሽ አይተካውም። መጠኑ ከናሙናው ወደ 10 እጥፍ ይሁን። ስምና ናሙናው የተወሰደበት ቦታ በክዳኑ ላይ ሳይሆን በዕቃው አካል ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ይለዋወጣል። በአንድ ወቅት ከሩቅ የመጣ የጨጓራ ናሙና በደረቅ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ያለ ምንም ፈሳሽ ደርሶኝ ያውቃል። ስንከፍተው ቁራጮቹ ፋሻው ላይ ደርቀው ተጣብቀው ነበር፤ በስላይዱ ላይም የታየኝ ኒውክሊየስ የሌለው ሮዝ ጥላ ብቻ ነበር። ያን ውጤት የጻፍኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሰውየው ግን ለሁለተኛ ጊዜ መንገዱን ሁሉ ተመልሶ መጣ። ፎርማሊኑ ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል ስለሆነ ክዳኑን አጥብቁ፣ ከልጆች አርቁ፣ እንዳይበላሽ ብላችሁም በረዶ ውስጥ አታስገቡት፤ በክፍል ሙቀት ይቆያል። ሌላ ባለሙያ እንዲያየው በምትፈልጉበት ጊዜም ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ስላይዶቹንና የሰሙን ብሎክ ተረክባችሁ፣ የተረከባችሁበትን ቀን አጽፋችሁ ውሰዱ።